ለሰባ ስምንት ኪሎ የተሞላ ንፋስ

ፍራይቡርግ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሀብተ ሚካኤል
ደባርቅ

አዲሱ ዓመት እንዴት ገባልዎ? እትዬ ይርገዱስ፣ የትናየትስ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ክብሩ ይስፋ።

ከእናንተ ተራራ ላይ ጨነቅ ድረስ በብስክሌት ወጥተው የተመለሱት የሱቃችን ደንበኞች አደራዬን፣ ብስክሌቱን፣ እንዳደረሱልዎ ነገሩኝ። ፎቶ አሳዩኝ። አንሺው እጁ ስለተንቀጠቀጠ ፊትዎ በደንብ አይታይም። ኮፍያዎንና ብስክሌቱን ግን አይቻለሁ። ኮቱ አዲስ ነው እንዴ? ሰፋ ብሎብዎታል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባና ላስቸግርዎ። የዚህ ብስክሌት ፊት እንደ ድሮው የቻይና ብስክሌት ድፍን ብረት አይደለም። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት እግሮች ውስጣቸው አሞርዛተር ነው፤ እንደ መኪና ማለት ነው። ድንጋይ ሲመታ እግሮቹ ወደ ውስጥ ይገቡና መልሰው ይወጣሉ፤ ስለዚህ ንዝረቱ ለክንድዎና ለደረትዎ አይደርስም። የሚሠራው በንፋስ ነው። ንፋሱ የሚሞላው ደግሞ በነጂው ክብደት ልክ ነው፤ ለከባድ ሰው ብዙ፣ ለቀላል ሰው ጥቂት። በየገጠሩ ትምህርት ቤት ሲዞሩ ጀርባዎ እንዳይጎዳ ልክዎን ማወቅ አለብኝ። ስንት ኪሎ ነዎት?

አብራ የመጣችው ባለ ቀስት ትንሽ መንፊያ እንዳትጠፋ። የጎማ መንፊያ አይተካትም።

የእህትዎ ልጅ
ገዱ

*

ደባርቅ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለጽጌሬዳ ልጅ ለገዱ

የአባቶችህ አምላክ በሰው አገር በሞገስ ያኑርህ። እኔ ከነቤተሰቤ ምን ሆኜ! በጣም ደህና ነኝ።

ብስክሌቱ የሰማይ ስጦታ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት የማስተማርና የሱፐርቫይዘርነት ሥራዬ መንግሥት በቅሎ እንኳ አልሰጠኝም፤ አንተ ይህን ሰጠኸኝ። አንድ አመል ግን አለበት። ፍሬን ስይዝ ፊቱ ጎንበስ ይልና ቀና ይላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስቆም ይህንኑ አደረገና ሴቶቹ «የሱፐርቫይዘሩ ብስክሌት ይሳለማል እንዴ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከኔ ይልቅ እሱ ሳይጸድቅ አይቀርም።

ክብደትዎን ይንገሩኝ ላልከው ልቆጣህ ነበር። በዚህ አገር የሚመዘነው ጤፍና ሙክት ነው። ደግሞስ የት ልመዘን? አስተማማኙ ሚዛን ያለው ዳባት፣ አቶ ዳምጤ መጋዘን ውስጥ ነው። እሱ ጋ ሄጄ ደግሞ ሚዛን ላይ አልወጣም፤ ምክንያቱን አሁን ትሰማለህ። ሰባ ስምንት ኪሎ ብለህ ያዝ። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ወንድሜ ሲቀመጥ አግዳሚው ይጮኻል» ትል የነበረውን መቼም አልረሳኸውም።

ምክንያቱ እነሆ፦ ልጄ የትናየት ለዚሁ ለዳምጤ ልጅ፣ ያለው ለሚባለው፣ ታጭታለች። መምህር ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ እሷም ወዳዋለች። እንደ አገራችን ወግ ክረምቱን ሙሉ ሽማግሌ እየላኩ ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት ሲያጣሩ ከረሙ። ሥጋ ደዌ የለም፣ የሳንባ ነቀርሳ የለም፣ ንጹሕ ነው ተባለና ቀለበት ታሰረ። ሠርጉ ጥር 27 ነው። እስከዚያ ድረስ የዳባት ሰው ዓይኑ ከእኛ ላይ አይነሣም፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ መታየት ያስፈልጋል።

አጎትህ
ሀብተ ሚካኤል

*

ፍራይቡርግ፣ ኅዳር 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጋሼ ሀብተ ሚካኤል

እንኳን ደስ ያለዎ! ለየትናየት የምልከው ዕቃ ላይ እያሰብኩ ነው። እርስዎም በጤና እንዳሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

በሰባ ስምንት ኪሎ አስልቼዋለሁ። ብስክሌቱ ላይ ሲቀመጡ በግራ በኩል ባለው እግር ራስ ላይ ያለችውን ክዳን ይፍቱ። ትንሿን መንፊያ ይግጠሙና ቀስቱ መቶ አሥር ላይ እስኪደርስ ይንፉ። ሲፈቱ ትንፍስ የምትል ድምፅ ትሰማለች፤ አይደንግጡ።

አደራዬ ይቺ ናት፦ ንፋሱን ከዚህ ቁጥር እንዳያወርዱ። ለከባድ ሰው ንፋስ ሲያንስ እግሮቹ እስከ መጨረሻቸው ይገቡና ነጂውን በመሪው ላይ ወደ ፊት ይወረውሩታል። እንዲህ ሆኖ ጥርሱን በመሐረብ ይዞ ሱቃችን የመጣ ሰው አውቃለሁ። የኛ አገር ቁልቁለት ደግሞ የሚምር አይደለም።

ገዱ

*

ደባርቅ፣ ኅዳር 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገዱ

ኅዳር ሚካኤል በደጅህ ይቁም። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

እንዳዘዝከኝ አድርጌ፣ ቀስቱን በመነጽር አይቼ፣ መቶ አሥር ላይ አቆምኩት። ቁጥርህን አላጓደልኩም። መሳለሙን እንኳ ትቷል። ነገር ግን ብስክሌቱ ደረቀብኝ። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ነበር፤ አሁን በሳምንት በሳምንቱ እየባሰበት ነው። ጠጠር በነካ ቁጥር እጄን አልፎ ጎኔን ይወጋኛል። ከሊማሊሞ አፋፍ ትምህርት ቤት ስመለስ ሦስት ቦታ ወርጄ ገፋሁት። ለሰው «መልክዓ ምድር እያየሁ ነው» አልኩ። ሃምሳ ዓመት ያየሁትን ገደል! ይህ ብረት ከዕድሜ ጋር ይጠነክራል እንዴ? ወይስ የእጅ ሙያህን ዘነጋኸው?

ሌላው፣ ውስጡ ጥጥ የተሞላ ወፍራም ጃኬት ብትልክልኝ። ብርዱ ዘንድሮ ጠንክሯል። ደግሞ ይርገዱን ትንሽ ሳል ይዟታልና ከዚያ አገር ጠንከር ያለ የሳል ሽሮፕ ካለ ጨምርበት።

አጎትህ
ሀብተ ሚካኤል

*

ፍራይቡርግ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጋሼ ሀብተ ሚካኤል

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ ይርገዱን ሳሉ ተዋት? ጃኬቱንና ሽሮፑን ትናንት በፖስታ ልኬያለሁ።

በነገሩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሙያህን ዘነጋህ ወይ ያሉኝ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። እዚህ ሱቅ ውስጥ አሞርዛተር የሚሰጡት ለኔ ነው፤ የአጎቴን ግን ማስተካከል አቃተኝ ብዬ ለማን እናገራለሁ? መቼም ንፋስ በራሱ አይጨምርም። ስለዚህ የጠረጠርኩትን ሁሉ ልጻፍ።

አቧራ ገብቶ ይሆናል። የሚያብረቀርቁትን ቧንቧዎች በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ያድርጉባቸው። ካልሆነ ደግሞ በስተቀኝ እግር ግርጌ ቀይ ማዞሪያ አለች፤ እግሮቹ የሚመለሱበትን ፍጥነት የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ወደ ጥንቸሏ ሥዕል በኩል ትንሽ ያዙሯት።

ይህም ካልረዳ አንድ ፈተና አለ። በሚያብረቀርቀው ቧንቧ ላይ የጎማ ቀለበት አለች። እስከ ታች ያውርዷት። ከዚያ ከነልብስዎ፣ ከነቦርሳዎ፣ ግድግዳ ተደግፈው ብስክሌቱ ላይ ይቀመጡ። ሳይነቀንቁ ይውረዱ። እርስዎ ሲቀመጡ እግሩ የገባውን ያህል ቀለበቷ ከፍ ብላ ትቀራለች። ከታች እስከ እሷ ድረስ ስንት ጣት እንደሆነ ይጻፉልኝ። ሁለት ጣት መሆን አለበት። ቀለበቷ ትክክለኛ ምስክር ናት፤ እሷ ከነገረችኝ በኋላ እኔ አልሳሳትም።

ገዱ

*

ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለገዱ

በዓለ ልደቱን በሰላም ያድርስህ። ደህና ነኝ። የሠርግ ሽር ጉድ ስለሆነ ደብዳቤዬ አጭር ነው።

ጠረግሁ፣ ዘይት አደረግሁ፣ ጥንቸሏ ድረስ አዞርኩ። ያው ነው። የቀለበቷንም ፈተና ከነጃኬቴ ከነቦርሳዬ ፈተንኩ። አንድ ጣት እንኳ አልሞላችም! ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው። እንግዲህ ጥፋቱ የብረቱ መሆኑ በምስክር ተረጋገጠ። ጀርመንም ይሳሳታል።

ጃኬቱ ደርሷል፤ ሞላ አድርጎ ያሳያል፣ ተመስገን። አንድ ቀበቶ ብትልክልኝ። ጠበብ ያለ ይሁን፤ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

አጎትህ
ሀብተ ሚካኤል

*

ፍራይቡርግ፣ ጥር 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጋሼ ሀብተ ሚካኤል

ይህን ደብዳቤ ለጥምቀት ጎንደር በሚመጣ ሰው እጅ የላክሁት ቶሎ እንዲደርስዎ ነው። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

የእርስዎን ዓይነት አሞርዛተር ያለው ብስክሌት ሱቃችን ውስጥ አለ። መቶ አሥር ድረስ ነፋሁትና የሥራ ጓደኞቼን አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። ሰባ ስምንት ኪሎ የሚመዝነው ሲቀመጥ ቀለበቷ ሁለት ጣት ሆነች። ቀጠን ያለው ሲቀመጥ ከሁለት ጣት ጎደለች። እየሳቁብኝ ሁሉም ተቀመጡ። አንድ ጣት ያልሞላችው በመጨረሻ ነው። ያን ጊዜ የተቀመጠችው የባለሱቁ ልጅ ናት፤ ገና ተማሪ ናት፤ ከነቦርሳዋ ሃምሳ ኪሎ አትሞላም።

ጋሼ፣ ብረቱ አልጠነከረም። እርስዎ ነዎት የቀለሉት።

በየሳምንቱ ባሰበት ያሉኝ ብስክሌቱ አልነበረም። ኮቱ ሰፍቶ ፎቶው ላይ አየሁ፤ ጃኬት አሉኝ፤ ሽሮፕ አሉኝ፤ ጠባብ ቀበቶ አሉኝ። የዕቃ ጥያቄ ብቻ አድርጌ አነበብኩት። ክብደትዎን የጠየቅሁት ለብረቱ ብዬ ነው። ስለ ጤናዎ የጠየቅሁት ደግሞ ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ስለሆነ ብቻ ነው። አባት ሆነው አሳደጉኝ፤ እኔ ግን ከአንድ ጎማ ቀለበት ያነሰ ሰው ሆንኩ። አፈርኩ።

ለምን እንደደበቁት ይገባኛል። ዘር አጣሩ ብለው የጻፉልኝን ደግሜ አነበብኩት። ግን እርስዎ ራስዎ ክፍል ውስጥ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስጠኑን ነበር። እግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ለየትናየት አልጻፍኩም። ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ንፋሱን ይቀንሱ። ሰባ ላይ ያቁሙት። ቢያንስ ጎንዎን አይውጋዎ።

ገዱ

*

ፍራይቡርግ፣ የካቲት 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጋሼ ሀብተ ሚካኤል

ሠርጉ አልፏል። መልስ አልመጣም። ደብዳቤው ደርሶዎት ተቆጥተው ነው? ወይስ ሌላ ሰው ከፍቶት ነገር አበላሸሁ? ደባርቅ ቴሌ ደውዬ መልእክተኛ ላስልክ ብዬ ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ማን ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ቢቆጡኝም ይጻፉልኝ። ስድብ ቢሆንም የእጅ ጽሑፍዎን ልየው።

ገዱ

*

ደባርቅ፣ መጋቢት 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለገዱ

አምላክ በሰው ፊት ከማፈር ይሰውርህ። በዚህ ደብዳቤ ደህና ነኝ ብዬ አልጀምርም፤ ቃሉን ብዙ አላግጬበታለሁ።

ደብዳቤህ ጥር 12 ቀን፣ ከታቦቱ ስንመለስ ደረሰኝ። አንብቤ ተቆጣሁ። ይህ ልጅ ባሕር ማዶ ተቀምጦ በጎማ ቀለበት ሸሚዜን ገለጠው አልኩ። ቀለበቷን ነቅዬ ልጥላት ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ደብዳቤውን በደረት ኪሴ ከትቼ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኜ ከረምኩ።

ጥር 16 የሠርጉን ጤፍ ላመጣ ዳባት ወረድኩ። አወራረዴን ልንገርህ፤ ካልነገርኩህ ነውሬ ሙሉ አይሆንም። ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩ። ከተማው መግቢያ ላይ ወረድኩ። አንድ ባሕር ዛፍ ጥላ ተቀምጬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ከዚያ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ ከደባርቅ ድረስ የጋለብኩ መስዬ እየነዳሁ ዳምጤ መጋዘን ደረስኩ። ከኅዳር ጀምሮ እንዲህ ነበር የማደርገው።

ያን ቀን ግን በሩ ላይ ሳሉ ያዘኝ። አልለቅ አለኝ። መሐረቤን ሳነሣው ደም ነበረው፤ ቶሎ አጠፍኩት። ዳምጤ አይቷል። ተሸካሚዎቹን ወደ ጓሮ ላከና ጆንያ ላይ አስቀመጠኝ።

«ሀብተ ሚካኤል፣ ወንድሜ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንሆን?»

«ምን ሆንን? ብርድ ነው።»

«ጥቅምት ላይ እኮ ነው ያወቅን። ሳልህ ከአንተ ቀድሞ እኛ ቤት ይደርሳል። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ስትጭንም ሾፌሩ የእኔው የአክስት ልጅ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ታዲያ ለምን ጋብቻውን አላፈረሳችሁ?» አልኩት።

«ልጄ የሚያገባ የትናየትን፤ ሳንባህን አይደለም።»

«ለምንስ አልጠየቃችሁኝም?»

አንገቱን ደፋ። «አፈርን። ደህና ነኝ ያለን የተከበረ ሰው ታመሃል ተብሎ እንዴት ይጀመራል? ዛሬ ይነግረናል፣ ነገ ይነግረናል ስንል አንተ አለቅህ። የአንተ ይሉኝታ ከእኛ ይሉኝታ ጋራ ተጋግዞ ሊገድልህ ነው።»

ከዚያ እጄን ይዞ አስነሣኝና «ና፣ ውጣ» አለ፤ ሚዛኑን ነው። ጃኬትህን አወለቀልኝ። ወጣሁ። ተሸካሚዎቹ ተመልሰው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። ፊታቸውን ማዞራቸው ነው የገደለኝ። ዳምጤ ቁጥሩን አይቶ ለማንም አልተናገረም። እኔ ግን አየሁት። አርባ ሰባት። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ይበልጠኛል።

በራሱ ጭነት መኪና ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። የሳንባ ነቀርሳ ነው። መድኃኒቱ ያለ ገንዘብ የሚሰጥ ነው፤ ወራት ይፈጃል፤ ግን ያድናል አሉ። ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ለምን ዘገዩ አባባ?» ብላ ነው። ስንት ሺህ ተማሪ ለምን ዘገየህ ብዬ ጠይቄያለሁ።

የቀረውን ልጨርሰው። ቤተሰቡ ሁሉ ይመርመር ተባለ። ይርገዱም አለባት። ሽሮፑን በእሷ ስም ስጠይቅህ ውሸቴን ነበር፤ እውነት አደረግሁት። ለልጄ ክብር ብዬ የደበቅሁትን ለሚስቴ አካፈልኳት። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ዘወትር ማለዳ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን መድኃኒቱን እንውጣለን፤ ውኃውን እሷ ትይዝልኛለች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ የንስሐ አባታችን ወተት እንድንጠጣ አዘዙን። አገር ሲጾም በሬን ዘግቼ ወተት እጠጣለሁ፤ ይህም ሌላ ኀፍረት ነው።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። እኔ መድኃኒት ከጀመርኩ ገና አሥር ቀን ሆኖኝ ስለነበር ሰው መሃል አትግባ ተባልኩ። ግቢው ዳር፣ ንፋስ ያለበት ቦታ ወንበር አወጡልኝና አፌን በነጠላ ሸፍኜ ተቀመጥኩ። የትናየት ጉልበቴን ልትስም ከሙሽራው ጋር ስትመጣ እጄን ዘርግቼ ከለከልኳት። አምስት እርምጃ ያህል ርቃ መሬቱን ሳመች። ጥቅምት ላይ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ጉልበቴን ትስም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተ ነው የምናገረው፤ አንተ አንዴ አይተኸኛልና።

ስለዚህ ነው የዘገየሁት። ተቆጥቼ አይደለም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄ በልማድ «ደህና ነኝ» ብሎ ይጽፍና ወረቀቱን እቀደዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ንፋሱን ይቀንሱ ብለኸኝ ነበር። አልቀነስኩትም። መንፊያዋ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ ክዳኗን መፍታት የአንድ ደቂቃ ሥራ መሆኑንም አውቃለሁ። የጎኔ ሕመም ሲጠናብኝ ብዙ ቀን ፈትቼ መልሼ ከድኛታለሁ። ካወረድኩት ሰባ ስምንት ኪሎ አይደለሁም ማለቴ ነው፤ ይህን ደግሞ ለብስክሌት እንኳ ለማመን አፈርኩ።

ዶክተሩ ከፋሲካ በኋላ ደልዳላ መንገድ ላይ ቀስ ብለህ መንዳት ትችላለህ ብሎኛል። አማቼ ያለው ብስክሌቱን ጠራርጎ በረንዳው ላይ አቁሞልኛል። ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያው ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ወረፋ ይዤ፣ ሰው እያየኝ።

ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነኝ፤ ከነጫማዬ። ቀስቱን ስንት ላይ ላቁመው?

አጎትህ
ሀብተ ሚካኤል